ሮምን በእግር
(ከተሞክሮዬ)

ወላይታ፣ ሻንቶ ተወልዶ ያደገ ሰው ሮምን ለመዞር ብሎ ቪዛ ሲጠይቅ አላየሁም። እኔም የሄድኩት ለሥራ ነው። የግብርና ባለሙያ ነኝ፤ ኑሮዬ ከእንሰትና ከስኳር ድንች ጋር ነው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ሮም በመሆኑ ሥራው እየጎተተ ከዚያች ከተማ አደረሰኝ። የስብሰባው ሰዓት የስብሰባው ነው። ማታውን፣ ቅዳሜውንና እሑዱን ግን እግሬ ወሰደው።

ዳሞት ፑላሳ ስመለስ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ኮሎሴየምን አየኸው?» አይቼዋለሁ። ትልቅ ነው፣ ግማሹ ፈርሷል፣ ሰልፉም ረጅም ነው። ስለ እሱ የጻፈ ሞልቷል። እኔ የምጽፈው ከሻንቶ፣ ከቦዲቲ ወይም ከሶዶ ተነሥቶ አንድ ቀን እዚያ ለሚደርስ፣ አስጎብኚ ለማይቀጥርና ትርፍ ሰዓት ላለው መንገደኛ ነው። ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ የፈረንጆቹ ሲሆን እ.ኤ.አ. ብያለሁ።

1. ከቤት አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ

የጉብኝት ዝርዝር ሰው ያደክማል። ሃያ ቦታ ጽፎ የወጣ ሃያ ፎቶ አንሥቶ ይገባል፤ ማታ የትኛው የት እንደነበረ ራሱም አያውቀውም። አንድ ጥያቄ የያዘ ሰው ግን እየጠየቀ ከሰፈር ሰፈር ይሻገራል፤ ሳያስበው ከተማው ውስጥ ይገባል።

ለእኔ ጥያቄውን ያሸከሙኝ ሻንቶ ያሉ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው።

«አንተ ልጅ፣ የአክሱም ሐውልት ተነቅሎ ሲመጣልን ቦታው ላይ ምን አስቀመጡበት?» አሉኝ።

«አላውቅም ጋሼ።»

«እንግዲያው አይተህ ትነግረኛለህ።»

ቦታው ፖርታ ካፔና ይባላል። ፋሺስቶች 24 ሜትር ቁመትና ከ150 ቶን በላይ ክብደት ያለውን ሐውልት በ1929 ከአክሱም አንሥተው፣ በምፅዋ በኩል በመርከብ አሻግረው፣ ሙሶሊኒ ሥልጣን የያዘበትን 15ኛ ዓመት ለማድመቅ በጥቅምት 1930 እዚያ አቆሙት። ከጎኑ ደግሞ ለአፍሪካ ቅኝ ግዛቶቻቸው ሚኒስቴር የሚሆን ግዙፍ ሕንፃ ጀመሩ። ጦርነት መጣ፣ ግዛቱም ሄደ። ሕንፃው እ.ኤ.አ. በ1951 ለምግብና እርሻው ድርጅት ተሰጠ። እኔ ስለ እንሰት ተባይ የምከራከርበት ግቢ ሲታቀድ፣ እኛ የምንተዳደርበት ቢሮ እንዲሆን ነበር። ይህን ካወቅኩ በኋላ የመግቢያ ባጄን አንገቴ ላይ ሳጠልቅ ትንሽ ፈገግ ማለቴ አልቀረም።

በ1939 የተፈረመው የፓሪስ የሰላም ውል ጣሊያን የዘረፈችውን በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ያስገድዳል። ሐውልቱ ግን ከሃምሳ ዓመት በላይ እዚያው ከረመ። በግንቦት 1994 መብረቅ ጫፉን መታው፤ ከዚያ ፈታቱት። በሚያዝያ 1997 በሦስት ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን አክሱም ገባ፤ በነሐሴ 2000 ማለቂያ ላይ ዳግም ቆሞ ተመረቀ።

ቦታው ላይ አሁን ያለው ምንድን ነው? ሁለት የጥንት የድንጋይ ዓምዶች ናቸው። እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2001 አሜሪካ ውስጥ ለሞቱት መታሰቢያ ብለው እ.ኤ.አ. በ2009 አቆሟቸው። መኪናው በግራም በቀኝም እየከነፈ ያልፋል፤ ዓምዶቹን ቀና ብሎ የሚያይ ጥቂት ነው።

ለጋሼ ስነግራቸው ዝም ብለው አደመጡኝና «የሌላ ሰው ለቅሶ ተተከለበት በለኛ» አሉ።

2. በማለዳ ውጡ፣ ጫማ ላይ አትሰስቱ

ሮም በጠዋት የነዋሪዎቿ ናት። አራት ሰዓት ካለፈ የቱሪስቱ ናት። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ትሬቪ ፏፏቴ ጋ የሚገኘው ጠራጊና ጥቂት ፎቶ አንሺ ነው፤ ሰባት ሰዓት ላይ ደግሞ ውኃውን ለማየት ትከሻ መግፋት ግድ ይላል። መንገዱ ጥቁር ጠርብ ድንጋይ ስለሆነ ሶሉ ስስ የሆነ የስብሰባ ጫማ በግማሽ ቀን እግር ያቃጥላል። የዳሞታን ተራራ ወጥቼ ስወርድ ያልታመመ ቁርጭምጭሚት እዚያ ሜዳ ላይ ታሟል።

3. ከተርሚኒ ጣቢያ አትሽሹ

ባቡሩም አውቶቡሱም የሚያራግፈው ተርሚኒ ነው። መንገደኛው ሻንጣውን እየጎተተ፣ ኪሱን እየዳበሰ ከዚያ ለመውጣት ይጣደፋል። ኪስ መዳበሱ ልክ ነው፤ በተለይ ወደ ቫቲካን የሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስ በሌባ የታወቀ ነው። መጣደፉን ግን ተዉት። ከጣቢያው ፊት ያለው ሰፊ አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላልና። አምስት መቶዎቹ በጥር 1879 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። በየቀኑ ስንት ሺህ ሰው በራስ አሉላ ድል ላይ ሻንጣውን እየጎተተ እንደሚያልፍ አስቡት።

የሞቱት መታሰቢያ ከጣቢያው የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው፤ ከዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያ ፍርስራሽ አጠገብ፣ ዛፍ የበዛበት ትንሽ ቦታ ላይ ቆሟል። ሐውልቱ የግብፅ ነው፤ በዳግማዊ ራምሴስ ዘመን የተጠረበ፣ የጥንት ሮማውያን ያመጡት፣ ተቀብሮ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1883 ከመሬት የወጣ። ከዶጋሊ በኋላ የሟቾቹን ስም ሥሩ ላይ ጻፉና የጦር መታሰቢያ አደረጉት። አዲስ አበባ ስትያዝ ደግሞ ለገሃር የነበረውን የይሁዳ አንበሳ ነቅለው ወስደው እግሩ ሥር አስቀመጡት። እንግዲህ ከአንዱ የአፍሪካ ምድር የተወሰደ ድንጋይ፣ በሌላው የአፍሪካ ምድር ለሞቱ ወራሪዎች መታሰቢያ ሆኖ፣ ሥሩ ሌላ ዝርፊያ ተኝቶለት ነበር ማለት ነው።

ሰኔ 8 ቀን 1930 ዘርአይ ደረስ የተባለ የሐዘጋ ሰው ያ አንበሳ ፊት ተንበርክኮ ጸለየ። ሊያስነሡት ሲመጡ ጎራዴውን መዘዘ። እኛ ትምህርት ቤት ስንማረው የወደቁት ጣሊያኖች ቁጥር እንደ አስተማሪው ይለያይ ነበር፤ እኔ ቁጥሩን ትቼዋለሁ። ተይዞ ሲሲሊ ውስጥ ወደሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተላከ፤ በ1937 እዚያው ሞተ። አንበሳው በኋላ ተመልሶ ዛሬ ለገሃር ቆሟል፤ ብዙዎቻችን ታክሲ ስንጠብቅ ጀርባችንን እንሰጠዋለን።

እዚያ ቆሜ ስለ ሮም አንድ ነገር ገባኝ። ይህች ከተማ ያመጣችውን አትደብቅም። ከጥንት የቀሩ 13 ባለ ሹል ሐውልቶች በየአደባባዩ ተገትረዋል፤ ከካርናክ የመጣው፣ ላተራን ያለው ብቻውን 32 ሜትር ይሆናል። ሁሉም ፀሐይ ላይ ናቸው። ስለ ምንነታቸው ግን ድንጋዩ የሚናገረው ለሚያውቅ ብቻ ነው። እውቀቱን ከቤት ይዞ ያልመጣ ሰው በጥላው ሥር ጄላቲ በልቶ ይሄዳል።

4. ውኃና ቡና

የፕላስቲክ ውኃ አትግዙ። በከተማው ከሁለት ሺህ የሚበልጡ አፍንጫቸው የታጠፈ የብረት ቧንቧዎች ሌት ተቀን ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ያፈሳሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ1874 ጀምሮ የተተከሉ ናቸው። የቧንቧውን አፍ በጣት ሲደፍኑት ከላይ ባለችው ቀዳዳ ሽቅብ ይፈነጥቃል፤ ጎንበስ ሳይሉ መጠጣት ነው። እንስራ ተሸክማ ምንጭ የወረደች እናት ያሳደገችው ሰው ይህ ሁሉ ውኃ በከንቱ ሲፈስ ማየት መጀመሪያ ያናድደዋል።

ቡና ቆማችሁ ጠጡ። ባንኮኒው ላይ ቆሞ የሚጠጣ አንድ ዩሮ ገደማ ይከፍላል፤ ታዋቂ አደባባይ ላይ የተቀመጠ ደግሞ ብዙ እጥፍ። ማኪያቶ ስትሉ የሚመጣው ከእኛ ማኪያቶ ጋር አይገናኝም፤ ጠብታ ወተት የነካው ጥቁር ቡና ነው። ቱሪስት የሚበዛበት ባር ውስጥ መጀመሪያ ካሸሩ ጋ ከፍሎ ደረሰኙን ማሳየት ሊጠየቅ ይችላል። የስፔን ደረጃዎች ላይ አረፍ ብዬ ልጠጣው ማለት ግን አይቻልም፤ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ እዚያ መቀመጥ ያስቀጣል።

5. የአበበን መጨረሻ በምሽት ሂዱበት

ሮም ውስጥ ያለ ምንም ክፍያ ካገኘሁት ሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ነው።

አበበ ቢቂላ ማራቶኑን ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ምሽት ነው። እዚህ ችቦ ሲለኮስ እዚያ በአፒያ መንገድ ዳር ወታደሮች ችቦ ይዘው ለሯጮቹ ያበሩ ነበር። ሩጫው ከካምፒዶልዮ ኮረብታ ሥር ተነሥቶ፣ ከከተማ ወጥቶ፣ በጥንታዊው አፒያ ተመልሶ፣ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ያበቃል። አበበ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ፤ የሞሮኮውን ራዲ ቤን አብደሰላምን በ25 ሰከንድ ቀደመው።

ከፖርታ ሳን ሰባስቲያኖ ተነሡ። ይህ የከተማው የጥንት ግንብ በር ነው፤ አፒያ ወደ ከተማ የሚገባው በዚህ ነው። በካራካላ መታጠቢያዎች በኩል ቀጥ ብላችሁ ውረዱ፤ ከአንድ ሰዓት ያነሰ የእግር መንገድ ነው። መጨረሻው ላይ ፖርታ ካፔና ትደርሳላችሁ፤ ያው የሐውልቱ ቦታ። አበበና አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን መንገዱን አስቀድመው አጥንተው፣ ጥሎ መሄጃ እንዲሆን የመረጡት ይህንን ነበር ይባላል። ያኔ ሐውልቱ ገና አልተመለሰም። የክብር ዘበኛው ወታደር በተዘረፈው የአገሩ ድንጋይ አጠገብ ነው ተፎካካሪውን ትቶ የፈተለከው። ታሪክ ጸሐፊ ቢፈጥረው አበዛው ይባል ነበር።

ከዚያ በሳን ግሬጎሪዮ ጎዳና ወደ ቅስቱ ይታጠፋል። ግድግዳው ላይ የአበበ መታሰቢያ ጽሑፍ አለ፤ ድሉ 50 ዓመት ሲሞላው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የተሰቀለ። በዚያው ዓመት የሮም ማራቶንን ያሸነፈው ሲራጅ ገና የመጨረሻዎቹን 300 ሜትሮች ጫማውን አውልቆ ነው የጨረሰው። እኔ ጫማዬን አላወለቅኩም፤ ድንጋዩን ቀን አይቼዋለሁ።

ቀጥሎ ያለውን የንጉሠ ነገሥታት መድረኮች ጎዳናንም በዚያው ጨርሱት። በስተግራ ባለ ትልቅ ፍርስራሽ ግንብ ላይ የሮም ግዛት እንዴት እንደሰፋ የሚያሳዩ አራት የእብነ በረድ ካርታዎች ተለጥፈዋል። አምስተኛ ነበራቸው፤ ኢትዮጵያን የጨመረው የሙሶሊኒ ግዛት ካርታ። ከጦርነቱ በኋላ አወረዱት። ጎዳናው ሲያልቅ ፒያሳ ቬኔዚያ ነው፤ ግንቦት 1 ቀን 1928 ሙሶሊኒ ሮም ግዛተ አፄዋን መለሰች ብሎ ያወጀበት ሰገነት እዚያ አለ። ጠባብ ነው። ትልቅ መስሎኝ ነበር።

6. የጎዳና ስም አንብቡ

ከማዕከሉ ወደ ሰሜን ምሥራቅ «የአፍሪካ ሰፈር» የሚሉት አለ። ቱሪስት አይደርስበትም፤ ሜትሮ ሊቢያ በሚባለው ፌርማታ ያወርዳል። ኤርትራ ጎዳና፣ ሶማሊያ ጎዳና፣ ኢትዮጵያ ጎዳና፣ አስመራ መንገድ፤ ልብስ የተሰጣባቸው ሰገነቶች፣ ውሻ የሚያንሸራሽሩ አሮጊቶች። ከሰሌዳ ሰሌዳ ስዘዋወር ሁለት ቃል ያለው አንድ ስም አየሁ። የመጀመሪያው ኦሮሞን መስደቢያ የነበረ፣ ዛሬ ከአፍ የማይወጣ ቃል ነው። ሁለተኛው ሲዳማ ነው። ፋሺስቶች ደቡቡንና ምዕራቡን ጠቅልለው፣ ጅማን መናገሻ አድርገው፣ ለአንዱ አውራጃ ግዛታቸው የሰጡት ስም ነው። ወላይታም የነበረችው እዚያ ውስጥ ነው። ስለዚህ የሻንቶን አፈር በሮም ሰሌዳ ላይ ፈልጎ የሚያገኝ ሰው የሚያገኘው በሌላ ሕዝብ ስድብ ተጠቅልሎ ነው።

ጥግ ያለ ባር ገብቼ ቡና የቀዳልኝን ሰው ስሙ ከየት እንደመጣ ጠየቅኩት። እዚሁ እንደተወለደ፣ መንገድ መንገድ እንደሆነ፣ አስቦት እንደማያውቅ ነገረኝ። ክፋት አልነበረበትም። ሰሌዳው ለእሱ አድራሻ ነው።

እዚህ ላይ የወላይታ ሰው ከሌላው ኢትዮጵያዊ ትንሽ የሚለይበት ነገር አለው፤ ሳልናገር አላልፍም። ዶጋሊ ሐውልት ሥር ሆነ ፖርታ ካፔና ላይ፣ «አሸነፍናቸው» የሚል ስሜት ሰውን ሞቅ ያደርገዋል። እኔንም አድርጎኛል። አድዋ 1888 ነው። አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ወደ ኋላ ብንሄድ ግን፣ በ1887 መጀመሪያ ላይ፣ ያው የምኒልክ ጦር ወላይታ ላይ ዘምቶ ንጉሡ ካዎ ጦና ቆስለው የተማረኩበት ነው። ቫንደርሄይም የተባለ ፈረንሳዊ ከዘማቹ ጋር ሄዶ ያየውን ጽፏል፤ ማንበብ ያማል። ሮም ላይ የአሸናፊ ልጅ ነኝ፣ ከአድዋ በፊት በነበረው ጦርነት ደግሞ የተሸናፊ። ሁለቱንም ይዞ መዞር ይቻላል። እንዲያውም ዓይን ያጠራል። ድል የሚያወሩ ሐውልቶች ሥር ስቆም የተረታው ወገን ምን ይል ነበር ብዬ የምጠይቀው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

ሌላ አንድ ስም፦ ወደ ሳን ጆቫኒ በኩል «አምባ አራዳም» የሚባል መንገድ አለ፤ በየካቲት 1928 የጣሊያኑ አዛዥ የባዶልዮ ጦር በመርዝ ጋዝ ጭምር የተዋጋበት ተራራ ስም። በዚያ የተሠራው የሜትሮ ጣቢያም በዚሁ ስም ሊጠራ ታስቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ብዙ ሰው ተቃወመ፤ የከተማው ምክር ቤትም ሶማሊያ ውስጥ የተወለደውን፣ ናዚን ሲዋጋ የወደቀውን ጆርጆ ማሪንኮላን ስም ደገፈ። በመጨረሻ የወጣለት ግን የአንዱም አይደለም፤ ፖርታ መትሮኒያ ሆነ። ከክርክር መሸሻ ስም ሁልጊዜ በር ወይም ወንዝ ነው።

7. ቤተ ክርስቲያን ግቡ፤ ነጠላ አትርሱ

ሙዚየም በገንዘብ ነው፣ ፓንቴዮንም እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ያስከፍላል። ክፍያውስ ይገባዋል፤ ከ1,900 ዓመት ገደማ በፊት የተሠራ፣ ስፋቱ 43 ሜትር የሆነ፣ አናቱ ክፍት ጉልላት ነው፤ ሲዘንብ ወለሉ ላይ ይዘንባል። አብዛኛው ቤተ ክርስቲያን ግን በነጻ ነው። ሳን ሉዊጂ ውስጥ የካራቫጆ ሦስት የማቴዎስ ሥዕሎች አሉ፤ ቪንኮሊ ጴጥሮስ ውስጥ የሚካኤል አንጄሎ ሙሴ ተቀምጧል። ጨለማው ውስጥ ሳንቲም የሚከተቱበት ሳጥን አለ፤ መብራት ለጥቂት ደቂቃ ይበራል። ሌላው ሰው ሳንቲሙን እስኪከት ቆሞ መጠበቅም ይቻላል፣ ሁሉም የሚያደርገው እሱን ነው። ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት። ነጠላ የያዘች ሴት በር ላይ የሚሸጠውን ወረቀት የመሰለ መሸፈኛ አትገዛም።

ከሁሉም በላይ ላየው የጓጓሁት ግን በዘፈቀደ የማይገባበት ነው፤ ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ። ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ፣ በቫቲካን ግቢ ውስጥ ያለች ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን ናት። በአሥራ አምስተኛው መቶ ዘመን ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች ተሰጠች። በእግራቸው ኢየሩሳሌም፣ ከዚያም በመርከብ ሮም የደረሱ የገዳም ሰዎች ነበሩ። እኛ ስለ ጉዞ ስናማርር ማስታወስ ያለብን እነሱን ነው።

እነዚህ መነኮሳት ተቀምጠው ብቻ አልኖሩም። ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ካህን ፊደል ከእነሱ ተማረና እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ውስጥ የግዕዝ መዝሙረ ዳዊት አሳተመ፤ በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው። አባ ተስፋ ጽዮን እ.ኤ.አ. በ1548 እና 1549 አዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። መቶ ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1649፣ ሉዶልፍ የተባለ ወጣት ጀርመናዊ ሊቅ እዚያው አባ ጎርጎርዮስ የተባሉ የአምሐራ መነኩሴ አገኘ። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1698 የአማርኛ ሰዋስው አሳትሟል፤ መሠረቱ ከአባ ጎርጎርዮስ የቀሰመው ነው። የምጽፍበት ፊደል መጀመሪያ ማተሚያ ቤት የገባው ከዚያ ግድግዳ ጥቂት ርቀት ላይ ነው ብዬ ሳስብ፣ ሲስቲን ጸሎት ቤትን ለማየት የተሰለፈው ሕዝብ ሁሉ የተሳሳተ በር ላይ የቆመ መሰለኝ። ግቢው ውስጥ የኢትዮጵያ ኮሌጅም አለ። ማየት የሚፈልግ አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቅ፤ ወይም የቫቲካን አትክልት ቦታ ጉብኝት ይያዝ፣ በዚያ በኩል ያልፋል።

8. ሥጋ ለሚያውቅ ሰው፦ ቴስታቾ

ወላይታ ሥጋ ያውቃል፤ ማስረዳት አያስፈልግም። ቴስታቾ የሚባለው ሰፈር እ.ኤ.አ. ከ1890ዎቹ እስከ 1975 የከተማው ቄራ የነበረበት ነው። ሠራተኞቹ የደመወዛቸውን ከፊል በሆድ ዕቃ፣ በጭራና በመሳሰለው ይቀበሉ ነበር፤ ሚስቶቻቸውና በዙሪያው ያሉ ምግብ ቤቶች ከዚያ የሠሩት ዛሬ የሮም ወግ ሆኗል። በቲማቲም የተቀቀለ ጨጓራና እስኪላላ የበሰለ የበሬ ጭራ እዘዙ። ሁለቱም ደህና ናቸው። ዳጣ ግን ይጎድላቸዋል፤ በትንሽ ጠርሙስ ይዤ የሄድኩበት ጊዜ አለ፣ አስተናጋጁ ቀምሶ ውኃ ጠጣና ጓደኛውን ጠራው።

9. የእኛን ሰዎች ስታገኙ

ከተርሚኒ ጀርባ እንጀራ አለ። የመጀመሪያ ቀን አትሂዱ፤ ሆድ እንጀራ ካገኘ እግር ሌላ ቦታ አይሄድም። ቆይታችሁ ግን ሂዱ።

ከእኛ አካባቢ የሚወጡ ልጆች መንገድ በአብዛኛው ወደ ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ሻንቶ ውስጥ የማን ልጅ ጆሃንስበርግ እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ሮም ያሉት አብዛኞቹ በሌላ በር የመጡ ናቸው፤ ሱዳን፣ ሊቢያ፣ ባሕር። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 3 ቀን 2013 ላምፔዱሳ አጠገብ አንዲት ጀልባ ስትሰጥም 368 ሰው አልቋል፤ አብዛኛው ኤርትራዊ ነበር። ማዕዱ ላይ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው በምን እንደመጣ አትጠይቁ። ራሱ ካወራ ስሙ። ቲኬትና የሆቴል ደረሰኝ የያዘ መንገደኛ ስለ ከተማዋ ውበት ሲያወራ ድምፁን ትንሽ ዝቅ ቢያደርግ ደግ ነው።

የምታስተናግደኝ ልጅ ስሄድ ስመጣ ለመደችኝና አንድ ማታ ጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ ቀኑን ሙሉ የት ይውላሉ?»

«እዞራለሁ።»

«ዝም ብለው?»

«ዝም ብዬ። አንቺስ ከተማውን አየሽው?»

ሳቀች። ብዙ ዓመት ኖራለች፣ ኮሎሴየምን በአውቶቡስ መስኮት ነው የምታውቀው። የወሩ የመጀመሪያ እሑድ የመንግሥት ሙዚየሞች በነጻ እንደሆኑ፣ ኮሎሴየምም እንደሚጨምር ነገርኳት።

«እሑድ እኮ ሥራ ነኝ» አለች፤ ሳህኑን አንሥታ ገባች።